አጋዘን ያለባቸው ማንኪያዎች

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ወጥተው እኔ ሰሌዳ እያጠፋሁ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ወትሮ ወሬው የማያልቅ ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ዝም ሲል ክፉ ነገር እንደመጣ ገባኝ። "ባሻ ዲንሳ" አለና የቀረውን በኦሮምኛ ጨረሰው። ጎሕ ሲቀድ አርፈዋል። ከአርጆ ዘመድ ስለሚጠበቅ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ቶሎ እንድመጣ ልከውብኛል።

"እሺ" ብዬ ሰሌዳውን ማጥፋቴን ቀጠልኩ። ስጨርስ ከሰሌዳው ሥር የወደቀውን የጠመኔ ስብርባሪ ለቃቅሜ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩ። ለማን እንደለቀምኩት ያስታወስኩት በሩ ላይ ስደርስ ነው።

ባሻ ዲንሳን ያወቅኋቸው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ነቀምቴ በተመደብኩበት ዓመት ነው። ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የተወለድኩት አርጆ ስለሆነ ለአገሩ እንግዳ አልነበርኩም፤ ለሰው ግን እንግዳ ነበርኩ። ልጆች ፊት ድምፄ ይወጣል፤ ትልቅ ሰው ፊት ስቆም ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ባሻ ይህን በመጀመሪያው ቀን ተረዱት መሰለኝ፣ ጥያቄ አላበዙብኝም። "ኢንተላ ኮ፣ ውኃው እዚያ ነው፣ ውሻው አይናከስም" አሉኝና ሄዱ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላም በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ረጅም ሰው ነበሩ። ሰው ሲያናግሩ ጎንበስ ይላሉ። ግራ ክንዳቸው ፎጣ የተንጠለጠለበት ይመስል ከክርናቸው ታጥፎ ከደረታቸው ሥር ይቀመጣል። ዕድሜያቸውን የፈጁት በመኮንኖች ክበብ፣ መጀመሪያ በአስተናጋጅነት፣ ኋላም በአስተናጋጆች አለቅነት ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም፣ ገበያ መሃል እንኳ ሆነው፣ ያቺ ክንድ አትዘረጋም። ጎረቤቱ "ባሻ ዛሬም ፎጣቸውን ረስተው ወጡ" እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ከከተማው ዳር ሰፍሮ የነበረው ጦር ወደ ምሥራቅ የተዛወረው በጥድፊያ ነበር። አዛዡ ኮሎኔል የክበቡን የገበታ ዕቃ ከነሳጥኑ ለባሻ አስረክበው፣ "ሰው እስክልክ በእጅህ ይቆይ" አሏቸው። ሰው አልተላከም። ሳጥኑ ባሻ አልጋ ሥር ዓመታት ተቀመጠ።

ውስጡ በአረንጓዴ ከፋይ የተለበጠ ነው። ማንኪያው፣ ሹካውና ቢላዋው በየማረፊያቸው ተኝተዋል። እጀታቸው ላይ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ የፈረንጅ አገር አጋዘን ራስ ተቀርጿል። የአንድ የእንግሊዝ ጦር ምልክት ነው ይባላል። ጣሊያን ሲወጣ የመጡት የዚያ ጦር መኮንኖች ከአገራቸው ይዘውት መጥተው፣ ሲመለሱ ለእኛ መኮንኖች ትተውላቸው ሄዱ። ከእነሱ በፊትም አያቶቻቸው በልተውበታል። ባሻ ይህን ሲያወሩ ጸሎት ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ይወጣል። ባሻ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና ለሌሉት መኮንኖች ገበታ ያሰናዳሉ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሱ ይወለውላሉ። አንድ ቅዳሜ በተከፈተው በር ሳያቸው መወልወያቸው አልቆባቸው ባዶ ቆርቆሮ እየፋቁ ነበር። "ባሻ፣ ጠመኔ አለኝ" አልኩ። በዚያ ግቢ ሳልጠየቅ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የጠመኔ ስብርባሪ መልቀም ልማዴ ሆነ። እሳቸው ይወቅጡታል፣ በሻሽ ይነፉታል፣ በጥቂት ውኃ ያርሱታል፤ ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀስ እያሉ ያሹበታል። ሲጨርሱ እያንዳንዷን ወደ ብርሃን ያነሱና "ዕቃው የሰው ነው፤ እጁ የኔ ነው" ይላሉ። እንደ ማሰሪያ ነበር፤ ይህን ሳይሉ ሳጥኑን አይዘጉም።

የገበታውንም ቋንቋ አስተማሩኝ። ቢላዋና ሹካ ሳህን ላይ ተራርቀው ከተቀመጡ ሰውየው ገና እየበላ ነው፤ አይነኩበትም። ጎን ለጎን ከተኙ ጨርሷል፤ ምንም ሳይጠይቁ ያነሱለታል። "ጥሩ ገበታ ላይ ሰው በቃኝ ብሎ አፉን አይከፍትም" አሉኝ። ለእኔ ዓይነቷ ደስ የሚል ቋንቋ ነበር።

አዴ ጫልቱ ግን ቅዳሜን አይወዷትም። ከጓዳ ሆነው በኦሮምኛ ይሸነቁጣሉ። "ጎረቤት ባሏን ገበያ ትልካለች። የኔው ባል የማይመጣ እንግዳ ይጠብቃል።" ባሻ መወልወላቸውን ይቀጥላሉ። ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ልጃቸው ለሊሴ ለጉቴ አገር ሰው በታጨች ጊዜ ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች ከጉቴ ሊመጡ ሆነ፤ አዴ ጫልቱም ለዚያች ቀን ብቻ ገንፎው በብሩ ማንኪያ እንዲቀርብ ለመኑ። በአገሩ የልጅ ክብር የሚለካው ያን ዕለት በሚቀርበው ነው። ባሻ "የሰው ነው" አሉ። አዴ ጫልቱ አልቅሰው ለመኑ፤ ባሻ ደግመው "የሰው ነው" አሉ። ሽማግሌዎቹ በቀንድ ማንኪያና ከጎረቤት በተዋሱት አሉሚኒየም በሉ። ማንም ቅር አላለውም፤ አዴ ጫልቱ ግን "የልጄን ክብር ለአጋዘን ሰጡብኝ" አሉና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባሻ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አላወጡም። ለሊሴ አግብታ ሄደች፤ ዝምታው ግን ቤቱ ውስጥ ቀረ።

በሚቀጥለው ክረምት የባሻ ወንድም አርጆ ላይ ታመመና ሊያስታምሙት ሄዱ። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። ወንድምየው ሞቶ፣ ለቅሶው አልቆ፣ መስከረም ሲጠባ ነው የተመለሱት። እኔም የክረምቱን ዕረፍት ቤተሰቦቼ ጋ አሳልፌ ስለነበር በአንድ የጭነት መኪና መጣን። መንገዱን ሁሉ ስለ ማንኪያዎቹ ይጨነቁ ነበር። ክረምቱን ሳይወለወሉ ከርመዋል፣ ጠቁረዋል። "ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ጠመኔ አመጣለሁ" አልኳቸው።

ከእኛ ቀድሞ ግን መልእክት መጥቶ ኖሯል። አዲስ ክበብ ስለተሠራ ዕቃውን የሚረከብ ሻምበል በማግሥቱ ይደርሳል። አዴ ጫልቱ ይህን ሲሰሙ ሳጥኑን ከፍተው አዩ፤ ሁሉም ከሰል መስሏል። ባላቸው የዚያን ያህል ዓመት የጠበቁትን ዕቃ አጥቁረው ሲያስረክቡ ታያቸው። ቂማቸውን ረሱ። ጎረቤታቸውን አዴ ሶረቲንና የሰፈሩን ሴቶች ጠሩ፤ እነሱም ለድግስ ዕቃ እንደሚያደርጉት በአመድ፣ በአሸዋና በሻካራ ቅጠል እየዘፈኑ ፈተጉት። የዚያ ሰፈር ሴት የሰው ዕቃ አቆሽሻ መመለስን እንደ ስድብ ታየዋለች። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ ነጭ መጣ። እነሱ አላቆሙም። ቀጥሎ ቢጫ መጣ።

ስንገባ ሴቶቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ። አዴ ጫልቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ እየሳቁ አየኋቸው። ጠረጴዛውን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጡና፣ "ብር ነው ይሉኝ ነበር። ሲጠብቁ የኖሩት ወርቅ ነው" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ባሻ አንዷን ማንኪያ ወደ ብርሃን አነሱ። የአጋዘኑ ቀንድ ጠፍቷል፤ ፊቱም ለስልሶ የበግ ግልገል መስሏል። ሁልጊዜ ታጥፋ የማያት ግራ ክንዳቸው ቀስ ብላ ወረደችና ጎናቸው ላይ ተንጠለጠለች። ከዚያ መልሰው አጠፏት። "ገለቶሚ፣ ጫልቱ" ብለው አመሰገኑ። "እጅሽ ይባረክ። የሁላችሁም እጅ ይባረክ።" አዴ ጫልቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከለሊሴ ሽማግሌዎች ወዲህ ባልና ሚስቱ ሲታረቁ ያየሁት ያኔ ነው።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ባሻ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ከላይ ያለው ስስ የብር ልባስ ነው፣ ውስጡ ነሐስ ነው አሉኝ። ይህን ያወቁት ገና በወጣትነታቸው ከእንግሊዞቹ አንዱ ነግሯቸው ነው። በጠመኔ ብቻ የሚያሹትም ለዚህ ነበር።

"ለአዴ ጫልቱ ለምን አልነገሯቸውም?" አልኩ።

"አፈርኩ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። "ብር ጠባቂ መባሉ ጣመኝ። ነሐስ ነው ብላት ኖሮ ዛሬ አሸዋ አታነሳበትም ነበር።"

ሻምበሉ በማግሥቱ ለምሳ መጣ። ወጣት ነው። የገበታውን ሥርዓት የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ባሻ እንዳግዛቸው ጠይቀውኝ ነበር። እንደ ቅዳሜው ሁሉ ጨርቁን አነጠፉ፣ ዕቃውን በየቦታው ደረደሩ፣ ክንዳቸው ላይ እውነተኛ ፎጣ ጣል አደረጉ። ለዓመታት ያሰናዱት ገበታ እንግዳ መጣለት። ሻምበሉ ማንኪያ አንስቶ አገላብጦ አየ።

"ይሄ አጋዘን ነው እንዴ? በግ አስመስለኸዋል።"

ባሻ ከፊቱ ያለውን ሳህን አቀኑለት።

"የክበቡ ዕቃ ብር ነው። ብሩን የት አደረስከው?"

"በእጄ ነው የተበላሸው፣ ጌታዬ" አሉ ባሻ። "ስወለውል ለቀቀ።"

"ስወለውል" ብሎ ሳቀ ሻምበሉ። "አንጥረኛ ቤት ወስጄ ነሐስ አስቀጥቅጬ፣ ብሩን ሸጬ በላሁ በለኝ እንጂ። ለሽበትህ ስል አላሳስርህም።"

አዴ ጫልቱ ጓዳ ውስጥ ወጥ ያወጣሉ። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜያለሁ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ "ጌታዬ" አልኩ። ሻምበሉ ወደ እኔ ዞረ። ባሻ ግን ቀድመውኝ ጎንበስ አሉና፣ ገበታውን የሚያስተካክሉ መስለው፣ ከፊቴ ያለው ባዶ ሳህን ላይ ቢላዋውንና ሹካውን ጎን ለጎን አስተኟቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሻምበሉ ሳይበላ ሳጥኑን አስጭኖ ሄደ። አዴ ጫልቱ ወጡን ይዘው ብቅ ሲሉ ወንበሩ ባዶ ነው። "ምን አለ?" አሉ። ባሻ ፎጣውን እያጠፉ፣ "ቸኩሎ ነው። እንዲህ ሲያበራ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ" አሏቸው።

ወሬው በሚቀጥለው ገበያ ከተማውን ሞላው። ቀድሞ በጃንሆይ የልደት በዓል ገበታ እንዲያሰናዱ ከአገረ ገዥው ቤት ይጠሩ ነበር፤ መጠራቱ ቀረ። ሻይ ቤት ሲገቡ አንዱ ሻይ የሚያማስልበትን ማንኪያ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ከሁሉ የከበዳቸው የጸሎት ቤቱ ነገር ነው። የምጽዋቱን ሳጥን ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። አንድ እሑድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ባሻ፣ አሁን ማረፍ ይገባዎታል" ብለው ቁልፉን በትሕትና ጠየቋቸው። ባሻ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ቅዳሜ ሲደርስ ግን ጠረጴዛው አጠገብ መቀመጣቸውን አልተዉም። እኔም ጠመኔ መልቀሜን አልተውኩም፤ ለምን እንደምወስድላቸው ሳላውቅ እወስድላቸዋለሁ፣ እሳቸውም "ገለቶሚ" ብለው ይቀበሉኛል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያጠራቅሙታል። አንድ ቀን ባዶውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ "ለመኮንን ጠበቅኩት። እንግዳዬ ለሊሴ ነበረች፤ አላወቅኩም" አሉኝ። ከዚህ በላይ ሲጸጸቱ አልሰማኋቸውም። ማልቀስ የሚያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ለቅሶ ቤቱ ስደርስ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ቁልፉን የተቀበሉት ሽማግሌ በር ላይ አገኙኝና የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ በቀብሩ ላይ እንዳነብ ጠየቁኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ከማንበብ ከመሬት በታች መግባት ይቀለኛል፤ ግን ማን እምቢ ይላል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስለ ክበቡ ጉዳይ ባይነሳ ጥሩ ነው፤ ሞተው እንኳ እንዳያፍሩ" አሉ። ለደግ አስበው ነው።

አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መሃል ተነሥተው እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። አላለቀሱም። "ስለ ማንኪያዎቹ ጻፊ" አሉኝ።

ሽማግሌው ምን እንዳሉ ነገርኳቸው።

"እሱ ምን ያውቃል? ብሩን የፋቅኩት እኔ ነኝ።"

ለካ ወሬውን ሰምተው፣ ያኔውኑ ገበያ ካለ አንጥረኛ ጠይቀው ኖሯል። አንጥረኛው የፈረንጅ ማንኪያ ብዙ ጊዜ ልባስ እንደሆነ፣ አሸዋ እንደሚበላው ነገራቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃሉ።

"ለባሻ ለምን አልነገሯቸውም?" አልኩ። ይህችኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ባሻንም ጠይቄያቸው ነበር።

"እንዳልሰማ ብለው ስማቸውን የሰጡልኝን ሰው፣ ሰማሁ ልበላቸው?" አሉ። "ደስ ብሏት ትኑር አሉ። ደስ ብሎኝ የምኖር መሰልኩላቸው። አሁን ግን ሌባ ብለው አይቅበሯቸው።" ከዚያ እንድጽፈው የሚፈልጉትን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ "ካን ሱኩሜ ሀርከ ኮቲ። ኢሳን ሂን ጉርጉሬ።" የፈተገው የኔ እጅ ነው፤ እሳቸው አልሸጡም ማለታቸው ነው።

ክፍሌ ገብቼ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። ባሻ ቢላዋና ሹካውን ጎን ለጎን አስተኝተውልኛል፤ ያ ለእኔ እንደ ኑዛዜ ነበር። አዴ ጫልቱ ደግሞ በሕይወት አሉ፣ እየለመኑኝ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዎች አንዱ ለአንዱ ሲሉ ዝም ብለው አረጁ። አንዲት ቅዳሜ አንዳቸው ቢናገሩ ኖሮ አብረው የሚያዝኑበት፣ ምናልባትም የሚስቁበት ነገር ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ደግሜ ጻፍኩት።

አርብ ጠዋት ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ካለው መቃብር ቆምን። ሹማምንቱና ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚነበበው በአማርኛ ነው። ከልደታቸው ጀመርኩ። ድምፄ አነስተኛ ነበር፤ አንድ ሰው "አይሰማም" አለ። ኪሴ ውስጥ ያለውን የሐሙሱን ጠመኔ ጨበጥኩና ቀጠልኩ። ክበቡ ላይ ስደርስ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ዓረፍተ ነገሩ ጋ ስደርስ ከኋላ ያሉት ሴቶች ግማሹን እንኳ እንዳልሰሙ ገባኝ፤ ማንኪያዎቹን ግን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከወረቀቱ ቀና አልኩና አዴ ጫልቱ እንደነገሩኝ በኦሮምኛ ተናገርኩት። የፈተገው የኔ እጅ ነው፤ እሳቸው አልሸጡም።

ከሴቶቹ መሃል አዴ ሶረቲ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። "ሀርከ ኬኛ" አሉ። የእሷ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም እጅ ነው ማለታቸው ነው። ከአጠገባቸው ያለችውም "ሀርከ ኬኛ" አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም።

ወረቀቱን መልሼ አነሳሁ። ተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ሲታረም እንደማደርገው፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ አዴ ሶረቲ እንዳረሙት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።